አቦል ለጎረቤት፦ ልጅ ለብቻቸው ያሳደጉ የከተማ እናቶች ዕረፍት ታሪክ

ልጇን ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት በዚህ ዘመን የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከልጆቿ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትነሣ፣ ጥቂት ደቂቃ በጸጥታ ትቀመጥ፣ ውሃ አብዝታ ትጠጣ፣ ማታ ስልኳን ታጥፋ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለራሷ ጊዜ ትስጥ ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ጉድለቱ ነገሩን ሁሉ መልሶ ያቺው በሥራ የተወጠረች ሴት ጫንቃ ላይ መጫኑ ነው። እንዲህ ያለውን ዕረፍት ከእሷ በቀር የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ፣ ልጅ ያተኮሰው ዕለት ወይም የቤት ኪራይ የደረሰ ዕለት መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። የከተሞቻችን፣ በተለይም የአዲስ አበባና የጎንደር ታሪክ ሌላ መንገድ ያሳያል። በእነዚህ ከተሞች እጅግ ብዙ ሴቶች ያለ ባል ልጅ አሳድገዋል፤ ቀኑን የሚያሻግሯቸው ትንንሽ ልማዶችም ነበሯቸው። ልማዶቹ የዘለቁት ሴቶቹ ከዛሬዎቹ የበረታ ፈቃድ ስለነበራቸው አይመስለኝም። ዕረፍቱ ራሱ ግዴታ ስለነበረ ነው፦ ጎረቤት ይጠብቃል፣ ተራ ይደርሳል፣ የቀረች ትጠየቃለች። የዚህ ጽሑፍ ሙግት በአጭሩ ይኼ ነው፤ ማስረጃው ግን ከቡናው ሳይሆን ሴቶቹ ወደ ከተማ ከመጡበት ምክንያት ይጀምራል።

በደጋው የክርስቲያን አገር ሰፊው የጋብቻ ዓይነት የሰማንያ ጋብቻ ነበር። በቁርባን ከሚጸናው ጋብቻ በተለየ፣ ሰማንያ በሽማግሌ ፊት ይፈርሳል፤ ሀብቱም ይካፈላል። ሴቲቱ ከወላጆቿ ርስት የመውረስ መብት ስለነበራት ከፍቺ በኋላ ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት አይቻልም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሥራ ተብሎ ስለተያዘ፣ መሬት ያላት ሴት እንኳ በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ወንድም፣ ልጅ ወይም የእኩል አራሽ ያስፈልጋታል። ያ ካልተገኘ መሬቱ ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ የፈታች፣ ባሏ በዘመቻ የሞተባት፣ ወይም ያለ ዕድሜዋ ተድራ የኮበለለች ሴት ዓይኗን ወደ ከተማ ታነሣለች። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃና ከመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የሰፈረው ሕዝብ ምግብና መጠጥ የሚያቀርብለት ይፈልግ ነበር፤ የጦር ሰፈር የነበሩት ሌሎች ከተሞችም እንደዚሁ። ያ ሥራ የሴት ሆነ። ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ አረቄ ማውጣት፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ጥጥ መፍተል፣ ጉልት መቀመጥ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ መውረድ፣ በሰው ቤት ማደር የከተማው ግማሽ ኢኮኖሚ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት ቤተሰብ የአንዱ መሪ ሴት መሆኗን አሳይቷል፤ በከተማ ደግሞ ድርሻው ከገጠሩ ይበልጣል።

ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ልጅ አጠገብ እያለ ይሠራሉ። ጠላን ብንወስድ፣ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ እህሉ ተቆልቶና ተፈጭቶ እንኩሮው ይነኮራል፤ ከዚያ ድፍድፉ ተደፍድፎ ይቆያል፤ በመጨረሻ ይጠመቃል። ከጥንስሱ እስከሚጠጣበት ቀን ድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ጉልበት የሚጠይቀው ጥቂቱ ሲሆን የቀረው መጠበቅ ነው። የእንጀራ ሊጥም ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል፤ አብሲት ከተጣለበት በኋላ ኩፍ እስኪል ማንም አያስቸኩለውም። ፈትል ደግሞ ከሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። እንዝርት በእጅ እየሾረ አፍና ጆሮ ነጻ ናቸው፤ ባዘቶውን ይዞ ጎረቤት ቤት መሄድ ይቻላል፤ ሌላው ሲያወራ ድሩ ይረዝማል። የዘመኑ ቋንቋ «የሥራ ሰዓት» እና «የዕረፍት ሰዓት» ብሎ የሚከፍለው ቀን በእነዚህ ቤቶች እንዲያ አልተከፈለም ነበር። ዕረፍቱ በሥራው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ይህን የምለው ድካሙን ለማሳነስ አይደለም፤ በእጅ ወፍጮ የምትፈጭ ሴት ጉልበትና ወገብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ታሪክ ጸሐፊ መሆን አያሻም፤ የሞተር ወፍጮ በየሰፈሩ መግባቱም ከብዙ አዋጅ ይልቅ የሴቶችን ቀን አሳጥሯል። የምለው፣ ልማዱ የተተከለው ሥራው ራሱ በሚተወው ክፍተት ላይ እንጂ ሴቲቱ ከዕንቅልፏ ቆርሳ በምታወጣው ሰዓት ላይ አልነበረም ነው።

በዚያ ክፍተት ላይ ከተተከሉት ሁሉ ሥሩን ሰፊ ያደረገው ቡና ነው። ብዙ ሰው ጀበናና ረከቦትን ከአክሱም ሐውልት እኩል ያረጀ ልማድ አድርጎ ያስበዋል። የደጋው ክርስቲያን ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር፤ ካህናቱም ያወግዙ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ ይህ አመለካከት የላላው በ1870ዎቹ ግድም ሲሆን፣ ለውጡን ያፋጠኑት ራሳቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክና የካህናቱን ጥላቻ ለማስወገድ የጣሩት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እንግዲህ በሙስሊሙና በኦሮሞው ዘንድ የቆየ ቢሆንም፣ ክርስቲያኗ የአዲስ አበባ ሴት ጎረቤቷን ጠርታ ቡና ማፍላቷ ከከተማዋ ዕድሜ የሚበልጥ ልማድ አይደለም። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። ይህ የጊዜ መገጣጠም በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ከየአገሩ የመጡ፣ እናትና አክስት አጠገባቸው የሌሉ፣ አንዷ ከጎጃም ሌላዋ ከወሎ፣ አንዷ ክርስቲያን ሌላዋ ሙስሊም የሆኑ ሴቶች በአንድ አጥር ሲሰፍሩ፣ ዘመድ የሚያደርጋቸው ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። በአንድ ላይ ማዕድ መቁረስ በሥጋው ጉዳይ አስቸጋሪ ነው፤ ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙ የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ቡናውና ቆሎው ግን ሁሉንም ያገናኛል።

የቡናው ሥርዓት ደግሞ በአንድ ስኒ እንዳያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። አቦልን ጠጥታ የምትነሣ እንግዳ ቅር ታሰኛለች፤ በረካ ሳይጠጣ መሄድ ምርቃቱን ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ ሦስቴ እስኪቀዳ ድረስ እግር ይታጠፋል፤ ሌላ አማራጭ የለም። ማግስቱን ተራው የሌላዋ ነው። ቡና አጣጮች አራት አምስት ከሆኑ፣ አንዲት ሴት ከሰልና ቡና የምታወጣው በየአራት አምስት ቀኑ ሲሆን የምትጠጣው ግን በየዕለቱ ነው፤ ለድኻ ቤት ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን መቅረት ምክንያት ይጠየቅበታል። «ዛሬ ምን ሆና ቀረች?» ተብሎ ልጅ ይላካል፤ ልጁ ታማለች ብሎ ከተመለሰ ጀበናው ወደ እሷ ቤት ይሄዳል፤ የጠነሰሰችው ጠላ እንዳይበላሽ አንዷ ትጠምቅላታለች፤ ልጆቿ ያን ዕለት ሌላ ቤት ይበላሉ። ሐኪም ቤት ለሚርቃቸው፣ ደመወዝ የሌለው፣ የሕመም ፈቃድ የማይታወቅበት ሥራ ለሚሠሩ ሴቶች፣ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መታየት የጤና ጥበቃ ሥራ ይሠራ ነበር። ወሬውም ቢሆን እንደሚናቀው አይደለም። ገብስ የት ረከሰ፣ ማን ቤት የልብስ አጣቢ ይፈልጋል፣ የትኛው አከራይ ልጅ ያላትን ሴት አያስገባም የሚለው ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ልማዱ ለአእምሮ ዕረፍት እንደሚሰጥ ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎችም አስተውለዋል፤ ያስተዋሉት ግን ብዙዎቻችን በማንወደው በር ገብተው ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት ለወራት የተከታተለው መልካም አያሁ የተባሉ ሴት የሚመሩትን የዛር ማኅበር ነበር። በዚያ ቤት ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ በሌላ ቦታ የማይነገር ብሶት በዛሩ አፍ ይነገራል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጎንደርን የዛር ስብስብ በቡድን ከሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ፣ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውንና በማኅበሩ ውስጥ ውጭ ያላገኙትን ቦታ እንደሚያገኙ ጠቁሟል። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፤ ካህናቱ ቡናን የጠሉበት አንዱ ምክንያትም ከዚህ ጋር መያያዙ ነበር። ዛር ይመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ማስረጃነቱን ግን እቀበላለሁ፦ ብሶት ማውጫ ቦታ የማግኘት ፍላጎት ከዘመናዊው የምክር አገልግሎት በፊት ነበረ፤ ሴቶቹም ለብቻቸው አልፈለጉትም። ከጊዜ በኋላ ዛሩ ከብዙ ቤት ሲወጣ፣ ቡናውና ጨዋታው ቀርተው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ።

ከዕለቱ ልማድ ጎን የወሩ አለ። በወር ውስጥ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም እያለ የሚዞረው የቅዱሳን ቀን ለገበሬው እርሻ የሚከለክል ነው፤ ለሴቷ ደግሞ መፍጨትና መፈተል። ከተማ የገባችው ሴት ይህን ቀን በጽዋ ማኅበር አጸናችው። አሥራ ሁለት ሴቶች የማርያምን ማኅበር ቢጠጡ እያንዳንዷ በዓመት አንዴ ትደግሳለች፤ አሥራ አንዴ ትጋበዛለች። እድር የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ብዙ የከተማ ሰፈር አዳረሰ፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ስለ መረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ የአገሩ ሰው ዋና መተማመኛ ሆኖ ነበር። የባል እድር ስም ያልነበራት ሴት ለቀብሯና ለቀብረኛዋ የምትተማመነው በሴቶች እድር ነው። እቁብ ደግሞ ገንዘብን ብቻ አያጠራቅምም። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣላት ዋስ ትጠራለች፤ ሳንቲሟን ሳትከፍል የምትቀርም በሁሉ ፊት ታፍራለች። የባንክ ደብተር ይህን አያደርግም። ለልጅ የትምህርት ቤት ልብስ የታሰበው ገንዘብ በምሽት ጭንቀት እንዳይነካ የሚጠብቀው ይኸው ዕፍረት ነው፤ ግዴታ ለደኻ ቤት መጋረጃ ይሆናል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የሚቃወም አንባቢ ይኖራል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የጊዜ ብክነት ክስ ነው፤ አሮጌም ነው። የበዓላት ብዛትና የቡና ሰዓት አገሪቱን ወደ ኋላ አስቀሩ የሚል ሙግት ከዘመናዊ ምሁራን አፍ ጠፍቶ አያውቅም። ደርግ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን ሲያቋቁም ሴቷን ከጓዳ ወደ ስብሰባ አወጣለሁ ብሎ ነበር። ከስብሰባው አንዳንድ ሴት ማንበብ አግኝታለች፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን የቀበሌ ስብሰባም ሰዓት ይበላል፤ ቀሪ ይመዘግባል፤ በምትኩ ግን ልጅ አያበላም፣ የታመመች አይጠይቅም። ቡናውም ስብሰባውም ግዴታ ነበሩ። አንዱ ተመልሶ ወደ ሴቲቱ ቤት የሚመጣ፣ ሌላው ከቤቷ ወስዶ የማይመልስ መሆኑ ነው ልዩነታቸው፤ የመጀመሪያው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላም ቀጠለ፣ ሁለተኛው ከሥርዓቱ ጋር ተበተነ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የሚጠይቅ ጎረቤት የሚሰልል ጎረቤት ነው። ያለ ባል የወለደች ሴት ልጇ ዲቃላ የሚባልበት አገር፣ ቡናው ላይ ተቀምጣ የምትጠጣው ስለ ሌላዋ እየሰማች፣ ስትነሣ ስለ እሷ እንደሚወራ እያወቀች ነው። ከኮማሪነት ወይም ከሴተኛ አዳሪነት እንጀራ የምትበላዋ ብዙ ጊዜ ከ«ጨዋዎቹ» ረከቦት ዙሪያ አልተጠራችም፤ ማኅበርም እድርም ያልተቀበላት ነበረች። ይህን እቀበላለሁ። ግዴታ ያለበት ቦታ ሁሉ ድንበር አለ፤ ድንበር ያለበት ቦታ ውጭ የቀረ አለ። ይሁንና ከውጭ የቀሩት ሴቶች ምን እንዳደረጉ ማየት ይገባል፤ በየመጠጥ ቤቱ ጓዳ የራሳቸውን ቡና አፈሉ፣ የራሳቸውን እቁብ ጣሉ። በልማዱ ምክንያት የቆሰሉት እንኳ ልማዱን አልጣሉትም፤ ለብቻ ከመቀመጥ የተሻለ ሆኖ አግኝተውት ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ እንዲህ ያለው ታሪክ ድህነትን ያስውባል፣ መንግሥትም ከኃላፊነቱ ያመልጥበታል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆኑት የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ዳገቱን የሚወጡ፣ ከሰውነታቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አዝለው የሚወርዱ፣ በደን ጠባቂ የሚባረሩ ሴቶች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግድም ፍቅርተ ኃይሌ ለዓለም የሥራ ድርጅት ባጠኑት ጥናት ሁኔታቸው በዝርዝር ተመዝግቧል። እነሱም በቡድን ይወጣሉ፣ በታወቀ ቦታ ሸክማቸውን አውርደው ያርፋሉ፣ እርስ በርስ ያሸካክማሉ። ነገር ግን ያ ልማድ ወገብ አያድንም፤ የሚያድነው ከሸክሙ የሚያወጣ ሌላ ሥራ ነው። ልማድ የሚሸከመው ልክ አለው። ሕጉም ያንን ክፍተት ገና አልሞላም። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የነበረው የ60 ቀን ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን ከፍ ማለቱ መልካም ነው፤ አሠሪ የሌላት ጠላ ሻጭና ጉልት ቸርቻሪ ግን ከዚያ የምታገኘው ቀን የለም። ለእሷ የአራስ ቤት ፈቃድ የሚሰጣት ገንፎ ይዛ የምትመጣው ጎረቤት ብቻ ናት። ይህ ለመንግሥት የሚያኮራ ነገር አይደለም፤ ግን ሌላ ነገር እስኪመጣ ድረስ ያለውን እንዳያፈርስ ያስገድደዋል።

ያለው ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ወደ ቀበሌ ቤትነት ሲቀይር፣ በር ለበር የተያዩ ጠባብ ክፍሎች፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ ቧንቧ ያሉበት ኑሮ በርካሽ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ጸና። ቤቶቹ ያፈሱ ነበር፤ ሽንት ቤታቸውም አያስመሰግንም። ግቢው ግን ጀበናው ሲንፎለፎል ሽታው ሁሉም ቤት የሚደርስበት፣ የአንዷን ልጅ አምስት ሴት የሚጠብቅበት ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ለሴቶች 30 በመቶ ዕጣ መለየቱ ታሪካዊ ርምጃ ነው፤ በስሟ ቤት ያገኘች ብቸኛ እናት ከአከራይ ጭንቀት ወጣች። በአንጻሩ ዕጣው አንዷን የካ፣ ሌላዋን ጀሞ እያለ ቡና አጣጮቹን በተናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የተዘጋ በር ማን እንደቀረ አይናገርም። ንድፍ አውጪዎቹ ለዕርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ብለው በየቅጥሩ የጋራ ቤት ሠርተዋል፤ ብዙ ቦታ ግን ለኪራይ ወይም ለሌላ ጉዳይ ውሏል። የጋራ ኑሮን በግንብ ብቻ መትከል እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ተራ ያስፈልገዋል።

ከኮንዶሚኒየሙ ሥርና ከአስፋልቱ ዳር ደግሞ አዲስ ነገር በቅሏል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ አጭር በርጩማ ደርድረው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች ከተማውን ሞልተውታል፤ ከመካከላቸው ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ጥቂት አይደሉም። ጎረቤት በተራ ያፈላው የነበረ ቡና እዚህ በብር ይሸጣል። ሦስቱ ስኒ አንድ ሆኗል፤ ደንበኛው ቆሞም ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቢቀር ልጅ የሚልክበት የለም። ሻጯ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ዕረፍት ስታቀርብ እሷ የምትቀመጥበት ሰዓት ጠፍቷል ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እንዲያ ያለ ድምዳሜ ግን ገበያውን ብቻ ያያል። በየመንገዱ ዳር ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች የቀን እቁብ አላቸው፤ ቡና ሻጯ፣ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯና ካርድ ሻጩ በአንድ ይጥላሉ። ሰብሳቢው ማምሻውን በየበርጩማው ይዞራል፤ ሁለት ቀን ያልተገኘችም ብሯ ስለሚፈለግ ሰው ይላክባታል።